የመሥሪያ ቤት የኢንተርኔት ስልክ፦ ደወሉ እንዴት ይደርሳል፣ ድምፁስ የት ይጠፋል?

ዋና ቢሮው ደብረ ማርቆስ የሆነ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ላይ መጋዘን ያለው አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን አለ እንበል። የቡሬው የመጋዘን ኃላፊ ደውሎ «ሰላሳ ኩንታል በቆሎ ወጥቷል» ይላል፤ ደብረ ማርቆስ ያለችው የሒሳብ ሠራተኛ «ስልሳ» ብላ ትመዘግባለች። እሱ በትክክል ተናግሯል፣ እሷም የሰማችውን ጽፋለች። ከ«ሰላሳ» ላይ አናባቢዎቹን የያዙ ጥቂት የድምፅ ቁርጥራጮች መንገድ ላይ ስለቀሩ ግን የደረሳት «ስልሳ» የሚመስል ድምፅ ነው። የኢንተርኔት ስልክ ያስገቡ መሥሪያ ቤቶች «ይሄ ስልክ አይረባም» ሲሉ ብዙውን ጊዜ የሚያማርሩት በዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ስልኩን ቢቀይሩት ለውጥ የለውም። የሚበላሸው ድምፁ የሚያልፍበት መንገድ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ሊለካም ሊስተካከልም ይችላል።

ድምፅ እንዴት ቁጥር ይሆናል

የድሮው መስመር ስልክ ሁለት ሰዎች እስኪጨርሱ ድረስ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መስመር ይዞላቸው ይቆያል። በኢንተርኔት ስልክ እንዲህ ያለ የተያዘ መስመር የለም። ስልኩ ድምፁን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዷን ልኬት በ8 ቢት ይጽፋታል፤ በሰከንድ 64,000 ቢት ይመጣል። ይህንን በየ20 ሚሊሰከንዱ እየቆረጠ በፓኬት ይልከዋል። በአንድ ሰከንድ 50 ፓኬት መሆኑ ነው። «ጤና ይስጥልኝ» ለማለት አንድ ሰከንድ ያህል ከፈጀ፣ ሰላምታው በ50 ፖስታ ተከፋፍሎ ሄዷል። ተቀባዩ ስልክ ፖስታዎቹን በተራ ቁጥራቸው ደርድሮ መልሶ ድምፅ ያደርጋቸዋል።

በአንዱ ፖስታ ውስጥ ያለው ድምፅ 160 ባይት ነው፤ አድራሻና ተራ ቁጥር የተጻፈበት ሌላ 40 ባይት ይጫንበታል። በዚህ የተነሣ 64 ኪሎ ቢት የነበረው ድምፅ መንገድ ላይ 80፣ የኤተርኔት (የቢሮው ኔትወርክ ኬብል) ሽፋኑ ሲታከልበት ደግሞ ወደ 87 ኪሎ ቢት በሰከንድ ይይዛል። ይህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ በመልሱ አቅጣጫም ያንኑ ያህል አለ።

ድምፅን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ስልት ኮዴክ ይባላል፤ አሁን ያየነው ጂ 711 ነው። ጂ 729 የተባለው ድምፁን ጨምቆ 8 ኪሎ ቢት ያደርሰዋል። ብዙ ሰው በዚህች 8 ቁጥር ይታለላል፤ 40 ባይቷ ጭነት ስለማትቀንስ መንገድ ላይ የሚይዘው 24 ኪሎ ቢት ነው፣ ከኤተርኔቱ ጋር 31 ገደማ። መስመሩ ጠባብ ለሆነ ቅርንጫፍ ግን ይህም ትልቅ እፎይታ ነው። ሦስተኛው ጂ 722 ነው። ተራው ስልክ ከ300 እስከ 3,400 ኸርትዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ሲያሳልፍ ጂ 722 እስከ 7,000 ይደርሳል፤ የሚይዘው ቦታ ግን ያው 64 ኪሎ ቢት ነው። «ሰላ» እና «ፈላ»ን የሚለየው የ«ሰ» ፉጨት በአብዛኛው ከ3,400 በላይ ስለሚገኝ፣ በቢሮ ውስጥ ጥሪዎች ላይ ጂ 722ን ቀዳሚ ማድረግ ያለ ተጨማሪ ወጪ የሚገኝ ጥራት ነው። አብዛኞቹ የጠረጴዛ ስልኮች ይችሉታል፤ ሳይበራ የሚቀረው የሚያበራው ሰው ስለማይኖር ነው።

ደወል በአንድ በር፣ ድምፅ በሌላ በር

የጠረጴዛው ስልክ ውስጡ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ መመዝገብ ነው፤ ለማዞሪያው፣ ማለትም ለአይፒ ፒቢኤክሱ፣ «እኔ 105 ነኝ፣ አድራሻዬም ይኸው» ይለዋል። ማዞሪያው የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ ስልኩ ይመልሳል፣ ይመዘገባል። ምዝገባውን በየጊዜው ያድሳል፤ የተለመደው ቢበዛ በየ3,600 ሰከንዱ ነው። ማዞሪያው 105 የት እንዳለ የሚያውቀው በዚህ ብቻ ስለሆነ፣ ስልኩን ነቅለው ፍኖተ ሰላም ቢሰኩት ቁጥሩ ሳይቀየር ይሠራል።

ማዞሪያ የሚባለው ራሱን የቻለ ሣጥን ሊሆን ይችላል፤ በተራ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ሶፍትዌርም ይሆናል። ማርክ ስፔንሰር በ1999 እ.ኤ.አ. የጀመረው አስተሪስክ በነፃ የሚገኝና በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት ነው። ለ20 ስልክ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ይበቃዋል።

ጥሪ የሚገናኝበት ቋንቋ ሲፕ ይባላል። የመጋዘን ኃላፊው 105ን ሲደውል ስልኩ ለማዞሪያው የግብዣ መልእክት ይልካል፤ ማዞሪያው ግብዣውን ለ105 ያስተላልፋል፤ 105 «እየጮኽኩ ነው» ብሎ በ180 ቁጥር ይመልሳል፣ ሲነሣ ደግሞ 200 ይልካል፤ ደዋዩ «ደርሶኛል» የሚል ማረጋገጫ ይሰጥና ንግግሩ ይጀመራል። ሲፕ የሚያልፈው በተለምዶ በ5060 በር ነው፤ በር (ፖርት) ማለት መሣሪያው መልእክት የሚቀበልበት ባለ ቁጥር መግቢያ ነው። ድምፁ ግን በሲፕ አይሄድም። አርቲፒ በሚባል ሌላ ጎዳና፣ በሌላ በር ይጓዛል፤ አስተሪስክ ላይ ብዙ ጊዜ ከ10000 እስከ 20000 ባሉት በሮች። ይህችን አንዲት ነገር የያዘ ሰው የብልሽቶቹን ግማሽ ያህል በራሱ ይረዳል፦ ደወሉ ጥርት ብሎ እየጮኸ ድምፅ የማይሰማው፣ ደወልና ድምፅ በአንድ በር ስለማያልፉ ነው።

በማዞሪያው መዝገብ ላይ የሚወጡት ቁጥሮችም መነበብ አለባቸው። 401 ሲታይ መደንገጥ አያስፈልግም፤ የይለፍ ቃል ጥያቄ ነው፣ ሁልጊዜ ይመጣል። 403 ተከልክሏል፣ 404 እንዲህ ያለ ቁጥር የለም፣ 408 መልስ ሳይመጣ ጊዜው አልቋል፣ 486 መስመሩ ተይዟል ማለት ነው። 488 ከመጣ ሁለቱ ስልኮች የሚግባቡበት ኮዴክ አላገኙም፤ አንዱ ጂ 729 ብቻ ሌላው ጂ 711 ብቻ እንዲናገር ተደርጎ ይሆናል።

ትልቁ ጠላት፦ ወረፋ

የመስመር ስፋት የሚሰላው በስልክ ብዛት አይደለም፤ በአንድ ጊዜ በሚደረጉ ጥሪዎች ነው። ዩኒየኑ 12 ስልክ ደብረ ማርቆስ፣ አራት አራት ደግሞ በሁለቱ መጋዘኖች አለው እንበል። አሥራ ሁለቱ እርስ በርስ ሲደዋወሉ ኢንተርኔቱን አይነኩትም፤ በቢሮው ስዊች (ኬብሎቹ ሁሉ በሚገናኙበት ሣጥን) ውስጥ ያልቃል። ከቡሬ ግን አራቱም አንድ ላይ ቢደውሉ በጂ 711፣ ከቪፒኤኑ (ቅርንጫፎቹን በኢንተርኔት ውስጥ በተዘጋ መንገድ ከሚያገናኘው) ጭነት ጋር፣ ለእያንዳንዱ 100 ኪሎ ቢት ብሎ መያዝ ነው፤ ሲደመር ወደ ላይም ወደ ታችም 400 ኪሎ ቢት።

«ወደ ላይ» የምትለዋ ላይ ቆም ይበሉ። ብዙ መስመር ለማውረድ ሰፊ፣ ለመጫን (ከቢሮው ወደ ውጭ ለመላክ) ጠባብ ነው፤ ስልክ ግን በሁለቱም እኩል ይፈልጋል። የቡሬው መጋዘን የመጫን አቅሙ 512 ኪሎ ቢት ነው እንበል። አንዲት ድምፅ የያዘች ፓኬት ልትወጣ ስትል፣ በዚያው ቅጽበት ሌላ ሠራተኛ የደረሰኝ ፎቶ እየላከ ነው። ፎቶው በ1,500 ባይት ትላልቅ ፓኬቶች ተቆርጦ ይወጣል። አንዱ ትልቅ ፓኬት በ512 ኪሎ ቢት ለመውጣት 23 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ከድምፃችን ፊት አሥር ቢሰለፉ 234 ሚሊሰከንድ ትጠብቃለች። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በአንድ አቅጣጫ መዘግየቱ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመክራል፤ እዚህ ላይ በሩን ሳንወጣ አልፈነዋል። ሁለቱ ተነጋጋሪዎች ቃል ለቃል መጋጨት ይጀምራሉ፤ አንዱ «ሃሎ? ሃሎ?» ሲል ሌላው ቀድሞ ያለው ገና እየደረሰው ነው።

ተቀባዩ ስልክ ዘግይተው የሚመጡትን ለመጠበቅ ትንሽ ማቆያ አለው፤ ብዙውን ጊዜ ጥቂት አሥር ሚሊሰከንዶችን ይታገሣል። ከዚያ በኋላ የደረሰ ፓኬት ቢደርስም ይጣላል፣ ተራው አልፏልና። ከ«ላ» ላይ አናባቢዋን የያዙት ሦስት አራት ፓኬቶች እንዲህ ከተጣሉ «ሰላሳ» ወደ «ስልሳ» ይጠጋል።

መፍትሔው ሁልጊዜ ሰፊ መስመር መግዛት አይደለም። መጀመሪያ ራውተሩ (ቢሮውን ከኢንተርኔት የሚያገናኘው መሣሪያ) ላይ ለድምፅ ቅድሚያ ይስጡ፤ ስልኮቹ የድምፅ ፓኬት ላይ 46 የሚል ምልክት ያደርጋሉ፣ ራውተሩ ይህንን ምልክት ያየበትን ከወረፋው ፊት እንዲያስቀድም ይታዘዛል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው፦ የራውተሩን የመጫን ፍጥነት ከእውነተኛው መስመር በ10 በመቶ ያህል ዝቅ አድርጎ መገደብ። ካልተገደበ ወረፋው የሚፈጠረው ከራውተሩ አልፎ በኦፕሬተሩ (በቴሌኮም ድርጅቱ) መሣሪያ ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ የእናንተን ቅድሚያ የሚያውቅ የለም። ከተገደበ ግን ወረፋው በእጃችሁ ባለው ራውተር ውስጥ ይቆያል። የስልኮቹን ኔትወርክ ከኮምፒውተሮቹ በቪላን (አንዱን ኔትወርክ እንደ ሁለት በሚከፍል ቅንብር) መለየትም ተገቢ ነው። የጠረጴዛ ስልክን በዋይፋይ ማሠራት ግን አንመክርም፤ ኬብል እስካለ ድረስ ኬብል።

በተደጋጋሚ የሚመጡ ሦስት ብልሽቶች

አንደኛው፣ እሱ ይሰማኛል እኔ አልሰማውም የሚባለው ነው። የቢሮ ስልክ አድራሻው 192.168 ብሎ የሚጀምር የውስጥ አድራሻ ነው። ግብዣውን ሲልክ «ድምፁን እዚህ ላኩልኝ» ብሎ ይህንኑ የውስጥ አድራሻ ይጽፋል። ውጭ ያለው ወገን ደግሞ አምኖ ወደዚያ ይልካል፤ በኢንተርኔት ላይ ግን ይህ አድራሻ የማንም ስላልሆነ ድምፁ መድረሻ አጥቶ ይጠፋል። ማዞሪያው ላይ የውጭ አድራሻው እና የውስጥ ኔትወርኩ በትክክል ሊሞሉ ይገባል። ከዚያ ራውተሩ ውስጥ ሲፕ ኤኤልጂ የሚባለው ቅንብር ይጥፋ፤ ለመርዳት ተብሎ የተሠራ ቢሆንም መልእክቱን እየነካካ ብዙ ጊዜ ያበላሸዋል። በቅርንጫፎች መካከል ግን ከሁሉም የሚቀለው ቪፒኤን መዘርጋት ነው፤ ቡሬም ፍኖተ ሰላምም ደብረ ማርቆስ ግቢ ውስጥ ያሉ ያህል ይሆናሉ፣ የአድራሻው ጣጣም ይቀራል።

ሁለተኛው፣ ጥሪው ያለ ምንም ችግር ተጀምሮ ልክ በ32 ሰከንዱ የሚቋረጠው ነው። ሰዓት ይዘው ይቁጠሩት። የተጠራው ወገን ሲያነሣ 200 ልኮ «ደርሶኛል» የሚለውን ማረጋገጫ ይጠብቃል፤ ካልመጣለት እየደጋገመ ይልክና በ32 ሰከንድ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋዋል። ማረጋገጫው የጠፋው ወደ ተሳሳተ አድራሻ በመሄዱ ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ከላይኛው ጋር አንድ ነው።

ሦስተኛው፣ ቅርንጫፉ መደወል ይችላል፣ ሲደወልለት ግን አይጮኽም። ራውተሩ የከፈተውን በር ጥቂት አሥር ሰከንዶች ምንም ካላለፈበት ይዘጋዋል። ስልኩ በየ20 ወይም በየ30 ሰከንዱ ትንሽ መልእክት እየላከ በሩን ክፍት እንዲያቆይ ማድረግ ነው።

መብራትና መብረቅ

የድሮው ስልክ መብራት ሲጠፋ ይሠራ የነበረው ኃይሉን ከስልክ መስመሩ ስለሚያገኝ ነበር። የኢንተርኔት ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው በኔትወርክ ኬብሉ ውስጥ ከፒኦኢ ስዊች ነው፤ ስዊቹ ሲጠፋ ሁሉም ጸጥ ይላል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። 12 ስልክ እያንዳንዱ 5 ዋት ቢወስድ 60፤ ስዊቹ ራሱ 20፣ ማዞሪያው 30፣ ራውተሩና የፋይበሩ (የኢንተርኔት መስመሩ) መሣሪያ 20፤ በድምሩ 130 ዋት። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም፣ የኢንቨርተሩንም ብክነት ብንቀንስ፣ 500 ዋት ሰዓት ያህል ይቀራል። አራት ሰዓት ለመድረስ ጥቂት የቀረው ነው። ጠረጴዛ ሥር የሚቀመጠው ትንሹ ዩፒኤስ ግን ከዚህ ጋር አይወዳደርም፤ ጄኔሬተር እስኪነሣ ብቻ ነው። የፋይበሩን መሣሪያ ከባትሪው ጋር ማገናኘት አይረሳ፤ ስልኮቹ ሁሉ በርተው የውጭ ጥሪ የሚሞተው ይህች ትንሽ ሣጥን ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ጋር ስለቀረች ነው።

በክረምት የጎጃም ሰማይ የሚያወርደውን መብረቅ የሚያውቅ ሰው ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ የተዘረጋ የመዳብ ኬብል ያሳስበዋል፤ ሊያሳስበውም ይገባል። መብረቅ ቅርብ ቦታ ሲወድቅ በመዳቡ ላይ የሚፈጠረው ኃይል የስዊቹን ወደቦች በአንዴ ያቃጥላል። በሕንፃዎች መካከል ፋይበር ይዘርጉ፤ መብረቅ አይመራም፣ ለኤተርኔት መዳብ የተቀመጠው የ100 ሜትር ገደብም አያግደውም። የድሮ መስመር ስልክ ወደ ማዞሪያው የሚያስገባ ጌትዌይ ካለ፣ መስመሩ ከመግባቱ በፊት መከላከያ ይደረግለት፤ መከላከያው ደግሞ ከትክክለኛ የመሬት ሽቦ ጋር ካልተገናኘ ጌጥ ነው።

ቁጥርና ሰዓት

የውስጥ ቁጥሮችን በቦታ ይከፋፍሉ፤ ደብረ ማርቆስ ከ100፣ ፍኖተ ሰላም ከ200፣ ቡሬ ከ300 ጀምሮ። በ9 የሚጀምር የውስጥ ቁጥር አይኑር፤ ለፖሊስ 991፣ ለአምቡላንስ 907 ከማንኛውም ስልክ ላይ ያለ ምንም ቅድመ ቁጥር መውጣት አለባቸው። ኦፕሬተሩ ጥሪን በ251 ጀምሮ የሚቀበል ከሆነ፣ ማዞሪያው ከ058ም ሆነ ከ09 ላይ ፊተኛዋን ዜሮ አውጥቶ በቦታዋ 251 ማስገባት ይኖርበታል። ዜሮዋ ሳትወጣ ቀርታ 251058 ተብሎ የሚሄድ ጥሪ አይገናኝም።

በሰዓት ላይ የሚሠራው ስህተት ደግሞ የእኛው ብቻ ነው። ማዞሪያው በሥራ ሰዓት «ለሽያጭ 1ን ይጫኑ» እንዲል፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ «ቢሮው ተዘግቷል» እንዲል ይታዘዛል። ቢሮው ከጠዋቱ 2:30 እስከ 11:30 ይሠራል ተብሎ እንዳለ 2:30 እና 11:30 ከተሞላ፣ ማዞሪያው ከሌሊቱ 8:30 ይከፍትና ልክ ረፋድ 5:30 ሲሆን ደንበኛውን «ተዘግቷል» ይለዋል። የሚሞላው 8:30 እና 17:30 ነው። ዓርብ ምሳ ሰዓት ከሌላው ቀን የሚረዝም ከሆነ ለብቻው ይሞላ። እንቁጣጣሽ በማዞሪያው አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግሥት ግን 12 ይሆናል። ፋሲካ በየዓመቱ ስለሚዛወር በየዓመቱ ይገባል። የሰላምታው ድምፅ አጭር ይሁን፣ ምርጫውም ከሦስት አይብለጥ፤ እንጅባራ ላይ የሚሠራ መሥሪያ ቤት በአገውኛም ቢቀዳ ለደዋዩ ክብር ነው።

ሌባና ሕግ

ለኢንተርኔት የተከፈተ 5060 በርን ቀንና ሌሊት የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች አሉ። የሚሞክሩት 101 ቁጥርን በ101 የይለፍ ቃል ነው፤ አንዳንድ ቦታ ይከፈትላቸዋል። ከተከፈተ ሌሊቱን ወይም በበዓል ቀን ወደ ውድ የውጭ አገር ቁጥሮች እየደወሉ ያድራሉ፤ ሒሳቡ የሚመጣው ለመሥሪያ ቤቱ ነው። ለእያንዳንዱ ስልክ ቢያንስ 16 ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት የተለያየ የይለፍ ቃል ይኑር። በሩ ለቪፒኤኑና ለኦፕሬተሩ አድራሻ ብቻ ይከፈት። ወደ ውጭ አገር መደወል በመጀመሪያ ለሁሉም ዝግ ሆኖ፣ ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ በምስጢር ቁጥር ይፈቀድ።

ከውጭ ጋር የሚያገናኘው መስመር ፈቃድ ካለው ኦፕሬተር በውል የተወሰደ መሆን አለበት። በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት አማካይነት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠት በወንጀል ያስጠይቃል። «በርካሽ የውጭ ጥሪ እናስገባልዎት» የሚል ሰው ሲመጣ መልሱ አጭር ነው፤ አይሆንም።

ከርክክብ በፊት

ስልኩን የገጠመው ባለሙያ ሥራውን ጨርሻለሁ ሲል ፈተናው ጸጥ ባለ ሰዓት አይሁን። ሥራ በበዛበት ረፋድ፣ ቡሬ ላይ አንድ ሰው ትልቅ ፋይል እየጫነ፣ ሌሎች ሁለት ስልኮች እየተነጋገሩ፣ ሦስተኛው ስልክ ወደ ደብረ ማርቆስ ይደውል። ቡሬ ያለው ሰው «ሰላሳ» እና «ስልሳ»ን እያፈራረቀ፣ ቅደም ተከተሉን በወረቀት ይዞ፣ 20 ጊዜ ይጥራ፤ ደብረ ማርቆስ ያለው የሰማውን ይጻፍ። ከዚያ ሁለቱ ወረቀቶች ይተያዩ። በዚያው ጥሪ ላይ ማዞሪያው የሚያሳየው መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ፣ የፓኬቶቹ የመድረሻ ጊዜ መዋዠቅ ከ30 ሚሊሰከንድ፣ የጠፋው ፓኬት ከ1 በመቶ በታች መሆኑ ይታይ። ጥሪው ሳይዘጋ አንድ ደቂቃ ይለፈው፣ 32ኛዋ ሰከንድ እንድታልፍ። ቀጥሎ የዋናው መብራት ይጥፋና ከባትሪው ላይ አንድ የውጭ ጥሪ ይደረግ። አንድ የድሮ መስመር ስልክም ቢያንስ ለሦስት ወር ሳይነቀል ይቆይ። የርክክቡ ወረቀት ላይ የሚፈረመው እነዚህ ሁሉ ካለፉ በኋላ ነው።